«ዳነች» ካልን በኋላስ?

እኛ ቤት የአክስቴ ልጅ ስትነሣ «እግዜር ማራት» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል። በ2006 ዓ.ም. የ9 ዓመት ልጅ ሳለች የደም ካንሰር ተገኘባት። ከሁለት ዓመት በላይ ከጎጃም አዲስ አበባ ተመላልሳ ታከመችና ዳነች። ድግስ ተደገሰ፣ ስለትም ገባ። እኔም ነርሲንግ የመረጥኩት በእሷ ምክንያት ነው።

አሁን 21 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት ስለተቸገረች ከእናቷ ጋር ሆነን ሐኪም ዘንድ ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ «በልጅነትሽ ምን መድኃኒት ወሰድሽ? መጠኑስ?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ወደ እናቷ ዞረች። አክስቴም «ቀዩን ነዋ ዶክተር! ሽንቷን ሁሉ ያቀላው የነበረውን» አለች። በእጃችን ያለው መረጃ ይኸው ብቻ ነበር። የድሮ ካርዷ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ቀዩ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ነው። ካንሰሩን ያጠፋል፤ የልብን ጡንቻ ግን ሊያዳክም ይችላል፤ ጉዳቱም ከብዙ ዓመት በኋላ ሊታይ ይችላል። አደጋው በተለይ በጠቅላላ መጠኑ ይወሰናል። በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 250 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ይመደባል። ታዲያ መጠኑ ካልታወቀ ልቧ በየስንት ጊዜው ይታይ?

ችግሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ በልጅነታቸው ከካንሰር የዳኑ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ያጠና ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 27 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ 62 ከመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ሥር የሰደደ የጤና ችግር ነበረባቸው።

የኑሮ ጥራት ደግሞ በልብ ምት ብቻ አይለካም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ26 ጥያቄ መጠይቅ ከአካል ሌላ ስለ ሥነ ልቦና፣ ስለ ማኅበራዊ ግንኙነትና ስለ አካባቢ ይጠይቃል። የአክስቴ ልጅ ሁለት ዓመት ከትምህርት ቀርታ ስትመለስ ለክፍሏ ልጆች ታላቅ እህት ሆነች። ዛሬ ደግሞ ዘመድ ሁሉ «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ባል አታገኚም» ይላታል። መውለድ እችላለሁ ወይ ብላ ስትጨነቅ ኖራለች፤ ቁጭ አድርጎ ያስረዳት ግን የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ሦስተኛ ዓመት እስክደርስ ጠይቄያት አላውቅም።

«መጀመሪያ ልጆቹ ይዳኑ እንጂ!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ በድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው ዘመቻ ቢያንስ 60 በመቶ ልጆች በሕይወት እንዲተርፉ በ2030 ለመድረስ አቅዷል። እንዲድኑ የምንለፋ ከሆነ ግን አድገው እንደሚመጡም ማሰብ አለብን። ደግሞስ የምጠይቀው ነገር አዲስ ሕንፃ ወይም ማሽን አይደለም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሕክምናው ሲያበቃ የመድኃኒቱ ስምና ጠቅላላ መጠን፣ ጨረር ከወሰደች የተሰጣት ቦታ፣ ወደፊት መታየት ያለበት ነገር ተጽፎ አንዱ ቅጂ ለቤተሰብ ይሰጥ፣ ሌላው ካርድ ውስጥ ይቀመጥ።

እኛስ? ለተግባር ልምምድ የሕፃናት ዋርድ ስንገባ የስንብት ትምህርት የምንሰጠው እኛው ነን። ይህን ወረቀት ማስረዳት የዚያ ክፍል ቢሆን እላለሁ። አዋቂዎች ዋርድ ላይ ታሪክ ስንወስድም «በልጅነትዎ ካንሰር ታክመው ያውቃሉ?» የምትል አንዲት ጥያቄ እንጨምር። መምህራኖቻችንም ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የአክስቴን ልጅ ልቧን በአልትራሳውንድ አይተውላት ለጊዜው ደህና ነው ብለዋታል፤ ተመስገን። ከበር እንደወጣን ግን «መቼ ነው የምመለሰው?» አለችኝ። ነርስ ልሆን አንድ ዓመት የቀረኝ እኔ መልስ አልነበረኝም።