ጣውንትን ማን ሠራት?

አማርኛ ለዚህ ነገር የራሱ ቃል አለው፤ ጣውንት። በአንድ ወንድ ምክንያት የተፋጠጡ ሁለት ሴቶች። ልብ በሉ፣ ለወንዱ የተለየ ስም አልወጣለትም። ሁለቱን ያፋጠጠው ሰውዬ «ባል» እንደተባለ በሰላም ይቀመጣል፤ ስሙ የወጣው ለነሱ ነው።

ንግሥቶች በአንድ ቤተ መንግሥት ሲፎካከሩ የሚተርኩ፣ አስማት የተቀላቀለባቸው፣ በሴት ዓይን እንደገና የተጻፉ የፋንታሲ ልቦለዶች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ አሸን ፈልተዋል። በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፣ በቴሌግራም ከእጅ እጅ ይዞራሉ፣ ሌሊት በስልክ ይነበባሉ። ኮድ ስጽፍ ውዬ ማታ የማነበው እነሱን ስለሆነ የምናገረው ከጥላቻ አይደለም። ግን አብዛኞቹ ያናድዱኛል።

ለምን መሰላችሁ? በድሮው ተረት ክፉ የነበረችው ንግሥት በአዲሱ መጽሐፍ ጀግና ሆና ትመጣለች። ጎራዴ ትታጠቃለች፣ ፈረስ ትጋልባለች፣ ንጉሡን በነገር ትወጋዋለች። እሰይ! ጥቂት ገጽ እንደተገለጠ ግን አጠገቧ ሌላ ሴት ትመጣለች፤ ቆንጆ፣ ቀናተኛ፣ ጭንቅላቷ ባዶ፣ መርዝ የምትበጠብጥ። ጀግናዋ እንድትደምቅ ያቺኛዋ መርከስ አለባት። ክፋቱ ከአንዷ እልፍኝ ወደ ሌላዋ እልፍኝ ተዛወረ እንጂ ከቤቱ አልወጣም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ሽፋኑ ላይ ዘውድ የደፋች ሴት ሥለው ፌሚኒዝም ነው ብለው ሲሸጡልን፣ እኛም ልብ ሳንል እየገዛን ነው።

ንግሥቶቹ የተጣሉት ቅናት በተፈጥሯቸው ስላለ አይደለም። ቤቱ ሲሠራ እንዲጣሉ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሴት ሥልጣን የምታገኘው በልጇ በኩል ብቻ ከሆነ፣ ዙፋኑ ደግሞ አንድ ከሆነ፣ የሁለት ሴቶችን ወንድ ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ አሳድጋችሁ ጠብ እንዳይመጣ መጠበቅ ሞኝነት ነው። በኛ ሙያ ሁለት ፕሮግራሞች አንድን ፋይል በአንድ ጊዜ እንዲጽፉበት ተደርጎ ከተሠራና ፋይሉ ከተበላሸ፣ የትኛው ፕሮግራም ባለጌ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዲዛይኑን ማን እንደሠራው ነው የሚጠየቀው። ስለ ንግሥቶች ሲሆን ግን ይሄ ቀላል ጥያቄ ይጠፋናል።

ከነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ጥያቄውን በትክክል የጠየቀ አንድ አለ። ራማያና የሕንዶች ታላቅ ጥንታዊ ትረካ ነው፤ ለብዙ ሂንዱዎችም ቅዱስ መጽሐፍ ነው። በትረካው የአዮድያ ንጉሥ ዳሻራታ ሦስት ንግሥቶች አሉት፤ ካውሳልያ፣ ካይኬዪና ሱሚትራ። የካውሳልያ ልጅ ራማ ሊነግሥ ሽር ጉድ ሲባል ካይኬዪ ትነሣለች። ንጉሡን በጦር ሜዳ ከሞት ስላዳነችው ሁለት ነገር ጠይቂኝ ብሏት ነበርና አሁን ትጠይቀዋለች፤ የኔ ልጅ ባራታ ይንገሥ፣ ራማ 14 ዓመት ጫካ ይሰደድ። ንጉሡ በሐዘን ይሞታል። የካይኬዪ ስም የክፉ እንጀራ እናት ስም ሆኖ ይቀራል። እሷን የመከረቻት ደግሞ መንትራ የምትባል ጎባጣ ደንገጡር ናት። አያችሁ፣ ከክፉዋ ሴት ጀርባ ሌላ ክፉ ሴት፣ ያውም ድሃና አካል ጉዳተኛ። ያን ቃል የሰጠውና ማን እንደሚነግሥ የወሰነው ንጉሥ ግን አዛኝ አባት ሆኖ ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ቫይሽናቪ ፓቴል «ካይኬዪ» የተባለ ልቦለድ አሳተመች። ተራኪዋ ራሷ ካይኬዪ ናት። አስማቷ ሰውን ከሰው የሚያስተሳስሩ ክሮችን ማየትና መሳብ ነው፤ ከልክ በላይ ከተሳበ ክሩ ይበጠሳል። ይሄን ስታነቡ የቤተ መንግሥት ሴት ሁሉ የምትኖርበት ሥራ መሆኑ ይገባችኋል። ሠራዊት የላትም፣ ግምጃ ቤት የላትም፣ ያላት ዝምድና ብቻ ነው። ፓቴል ያደረገችው ትልቁ ነገር ግን ሦስቱን ንግሥቶች አለማናከሷ ነው። ካውሳልያ መጀመሪያ ካይኬዪን በክፉ ዓይን ታያታለች፣ በኋላ ግን ሦስቱ አንድ ላይ የሴቶች ሸንጎ አቁመው ከከተማው የሚመጡ ሴቶችን አቤቱታ ይሰማሉ። አንባቢው መጨረሻውን ያውቀዋል፤ ራማ መሰደዱ አይቀርም። ስለዚህ የሚያመው የካይኬዪ ክፋት ሳይሆን፣ ያን ያህል ተስማምተው የኖሩ ሴቶችን ቤቱ እንዴት አድርጎ እንደገና ጣውንት እንደሚያደርጋቸው ነው።

መጽሐፉ ራማን በሣለበት መንገድ ብዙ አማኞችን አስቆጥቷል። በቁጣቸው አልቀልድም፤ የሚጸልዩበት ስም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሂንዱ አማኝ የመጣው ተቃውሞ ሳይሆን ከኛው ሰው የምሰማው ነው። «ታሪክ ማበላሸት ነው፤ የድሮ ሴቶች እንደዛ አያስቡም ነበር» ይሉኛል። እሺ፣ ስለኛ የድሮ ሴቶች እንነጋገር። ያው ታሪክ ጎንደርም አለና።

አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞት ልጁ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እናቱ የቋራዋ ምንትዋብ ዘውድ ደፍታ «ብርሃን ሞገሳ» ተብላ ከልጇ ጋር ነገሠች። ቁስቋምን አሠራች፣ ዘመዶቿን ሾመች፣ አገር አስተዳደረች። ዳግማዊ ኢያሱ አድጎ ከወሎ ኦሮሞ ባላባት ቤት ውቢትን አገባ፤ ስመ ክርስትናዋ ወለተ ቤርሳቤህ ነው። በ1755 ኢያሱ ሞተ። አልጋው ለውቢት ልጅ ለኢዮአስ፣ ለሌላ ሕፃን፣ ተላለፈ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ምንትዋብ በ1730 ባሏ ሞቶ፣ ልጇ ሕፃን ሆኖ፣ የልጄን መንግሥት እኔ እይዛለሁ አለች። ውቢት ከ25 ዓመት በኋላ ባሏ ሞቶ፣ ልጇ ሕፃን ሆኖ፣ ተራው የኔ ነው አለች። አማቷ ከከፈተችው በር ሌላ በር አላንኳኳችም። ምንትዋብ ግን አልለቀቀችም፤ ለልጅ ልጇም ሞግዚት ሆና ቀጠለች። የቋራ ዘመዶች ባንድ ወገን፣ የውቢት ወንድሞችና ዘመዶች በሌላ ወገን ተሰለፉ። ራስ ሚካኤል ስሁል ከትግራይ ተጠራ። በ1769 ራስ ሚካኤል ኢዮአስን አስገደለው። ዘመነ መሳፍንት የምንለው ከዚያ ይጀምራል፤ እስከ 1855 ድረስ።

ይሄን ሁሉ ስንተርክ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናሳጥረዋለን፤ «አማትና ምራት ተጣልተው አገር ፈረሰ»። በታክሲም በቡና ቤትም ሰምቼዋለሁ፣ የተማረ ሰውም ሲለው ሰምቻለሁ። ንጉሥ አስገድሎ ሌላ ንጉሥ የሾመው ራስ ሚካኤል «ብልህ ፖለቲከኛ» ነው። የንጉሥ ወንድ ዘሮችን ወህኒ አምባ ላይ አስሮ የሚያኖረው፣ አንዱን አውርዶ ሌላውን የሚሰቅለው ሥርዓት «ወግ» ነው። ወንዶቹ ግን አልጋ ለመያዝ ሲፋጁ የመቶ ዓመት ታሪክ ነበራቸው! ሴቶቹ ሁለት ናቸው፣ ጥፋቱም የነሱ።

ደግሞ ስለ ውቢት ብትጽፉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ጥያቄ የጸሐፊው ብሔር ምንድነው የሚል ይሆናል። ቤተ መንግሥት ውስጥ ኦሮምኛ ይሰማ ነበር ተብሎ እስከ ዛሬ እንደ ክስ ይነገራል። ውቢት ለአንዱ ወገን ባዕድ፣ ለሌላው ወገን ባንዲራ ሆነች፤ ሰው የሆነችበት ትረካ አላጋጠመኝም። ምንትዋብም እንደዚያው ናት፤ ወይ ቅድስት እናት ወይ ሥልጣን ወዳድ አሮጊት።

«ታሪክ ማበላሸት» ለሚሉኝ፦ ዜና መዋዕሉን የጻፈው ማን ነበር? የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነው፤ እንጀራውን የሚበላው ከንጉሡ ማዕድ ነው። እሱም መርጧል፣ አሳምሯል፣ ዘሏል። ልቦለድ ቢያንስ ልቦለድ ነኝ ይላል። እኔ ዓመተ ምሕረቱ ይቀየር አላልኩም። የምጠይቀው ዜና መዋዕሉ ያልገባበት ክፍል ውስጥ አንድ ሰው መብራት ይዞ እንዲገባ ነው። በ1755 ቀብር ላይ ሁለት ሴቶች የሚያለቅሱት ለአንድ ሰው ነው፤ አንዷ ለልጇ፣ አንዷ ለባሏ። በ1769ም የተገደለው ልጅ የአንዷ ልጅ የሌላዋ የልጅ ልጅ ነው። ቁስቋም ውስጥ የምንትዋብ፣ የኢያሱና የኢዮአስ አጽም አንድ ሣጥን ውስጥ ይታያል። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። ሚስትም እናትም የነበረችው ውቢት እዚያ ሣጥን ውስጥ የለችም።

ነገሩ ጎንደር ላይ አያበቃም። የሸዋዋ ባፈና በ1877 ምኒልክ ላይ አሤረች እንላለን፤ ለምን ሲባል የራሷን ልጅ ለማንገሥ። ያው ካይኬዪ ናት። ጣይቱን የምናነግሣት ደግሞ ባፈናን ረግጠን ነው፤ «እሷ ከሃዲ፣ ይቺ ጀግና»። ጣይቱ ለምኒልክ ልጅ አልወለደችለትም፤ ስለዚህ በልጅ ፋንታ በጋብቻ ሠራች፣ ዘውዲቱን ለወንድሟ ልጅ ለጉግሣ ወሌ ዳረች። ዘውዲቱ ራሷ በ1917 በስሟ ዘውድ ደፋች፤ ግን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሌላ ሰው ተሾመ፣ ከባሏም እንድትለያይ ተደረገ። ባሏ በ1930 አንቺም ላይ ሲሞት እሷ ሁለት ቀን ቆይታ ሞተች። ኢንተርኔት ላይ «ጣይቱ ወይስ ዘውዲቱ፣ ማን ትበልጣለች?» የሚል ድምፅ አሰጣጥ አይቻለሁ። ኧረ ተዉ እባካችሁ። የእግር ኳስ ቡድን አደረጋችኋቸው እኮ።

ይሄ የዘውድ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሠራሁባቸው ቦታዎች በአንዱ፣ ከአሥር በላይ ወንዶች ባሉበት ቡድን ሁለት ሴቶች ነበርን። ወንዶቹ በስብሰባ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሲከራከሩ «ቴክኒካል ውይይት» ይባላል። እኔ የሷን ኮድ ገምግሜ ሦስት ቦታ ላይ አስተያየት ስሰጥ «እነዚህ ሁለቱ አይዋደዱም» ተባለ። የቡድን መሪነት ቦታ ሲከፈት «አንዳችሁ ትሆናላችሁ» አሉን፣ እንደ ስጦታ። ለምን ከሁለታችን አንዳችን? የቀሩት ወንዶች እርስ በርስ እንዲተያዩ ማንም አልነገራቸውም። እሷና እኔ ለሁለት ወር ያህል ሰላምታችን ራሱ ተበላሸ፤ ቦታውን መጨረሻ ላይ ከውጭ የመጣ ሰው ያዘው። ጣውንትነት የቢሮ ወንበርም ላይ እንደሚሠራ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ስለዚህ በአማርኛ ይጻፍልን። ምንትዋብና ውቢት ያሉበት፣ አስማቱም ከኛው የተቀዳ ፋንታሲ፤ ዛር አለን፣ ክታብ አለን፣ ቡዳ አለን፣ ሕልም ፈቺ አለን፣ ጣና ራሱ አለ። ዘንዶና የበረዶ ግንብ መበደር አያስፈልገንም። አደራችሁን ግን ውቢትን ለማንሣት ምንትዋብን ጠንቋይ አታድርጓት፤ ምንትዋብን ለማክበርም ውቢትን አታርክሷት። ሁለቱም አልጋውን ፈልገዋል፣ ሁለቱም ዘመድ ሾመዋል። ሥልጣን መፈለጋቸውን አትደብቁላቸው። ሴትን ንጹሕ ካልሆነች አናዝንላትም ማለት ሌላው ወጥመድ ነው፤ ለራስ ሚካኤል ንጹሕ ሁን ያለው የለም።

ፓቴልንም የማልምራት እዚህ ላይ ነው። መንትራን ከተንኮለኝነት አውጥታ ደግ ሞግዚት አድርጋታለች፤ ግን መንትራ አሁንም የምትኖረው ለካይኬዪ ነው። ንግሥቶቹ ሸንጎ ሲቀመጡ ምንጣፉን ያነጠፈችው ሴት አቤቱታዋን ለማን ታቅርብ? ጎንደር ላይም ንግሥቶቹ ሁለት ቢሆኑ፣ ደንገጡሮቹ፣ ጠጅ ጣዮቹ፣ ወፍጮ ፈጪዎቹና ባሪያዎቹ ብዙ ነበሩ። ዜና መዋዕል ስማቸውን አልያዘም፤ ጠቡ ሲጋጋል መጀመሪያ የተገረፉት ግን ሳይሆኑ አይቀሩም።

እኔ መጽሐፉን ብጀምረው ከነሱ በአንዷ እጀምራለሁ። ከወሎ ከውቢት ጋር መጥታ፣ ጎንደር ላይ አማርኛ የለመደች፣ ከአማት ወደ ምራት መልእክት የምታመላልስ ደንገጡር። ምንትዋብ የተናገረችውን ታውቃለች፣ ውቢትም የመለሰችውን። በመሃል የትኛውን ቃል አለስልሳ፣ የትኛውን እንዳለ እንዳደረሰች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።