«የጭንቅላት ዘረ-መል» ተብሎ የተሸጠው ተረት

በ2005 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ብሩስ ላን ከባልደረቦቹ ጋር «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ሁለት ጥናቶች አወጣ። ማይክሮሴፋሊንና ኤኤስፒኤም የሚባሉት ዘረ-መሎች ከእናትም ከአባትም ተበላሽተው ሲወረሱ ሕፃኑ ጭንቅላቱ ከልክ በላይ አንሶ እንደሚወለድ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ላን የጨመረው ሌላ ነው፦ የእነዚሁ ዘረ-መሎች ጤነኛ ዓይነቶች፣ አንዱ ከ37,000፣ ሌላው ከ5,800 ዓመት ገደማ ወዲህ ብቅ ብለው በፍጥነት ተስፋፍተዋል፤ ከሰሃራ በታች ግን እምብዛም አይገኙም። የሁለተኛውን ዕድሜም ከከተማና ከጽሕፈት መጀመር ጋር አጎራበቱት። የቀረውን ዘረኞች ሞሉት።

«ሲበላሽ ጭንቅላት የሚያሳንስ ዘረ-መል፣ ሲለወጥ አእምሮ ያሰላል» የሚለው አካሄድ ከሥሩ የተበላሸ ነው። የእነዚህ ዘረ-መሎች ሥራ ማሰብ ሳይሆን ሴል መክፈል ነው። የፅንሱ አንጎል ግንድ ሴሎች በመጀመሪያ እኩል እየተከፈሉ ይበዛሉ፤ ወደ ነርቭ ሴልነት የሚዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። ኤኤስፒኤም ክሮሞዞሞችን የሚጎትቱት ክሮች ጫፍ ላይ ሆኖ ክፍፍሉን ያቃናል። እሱ ሲጓደል ሴሎቹ በቅጡ ሳይበዙ ቸኩለው ነርቭ ይሆናሉ፤ ዘሩን ቆልቶ የበላ ገበሬ መኸር ላይ የሚያጋጥመው ይደርስባቸዋል። በ2013 ማደሊን ላንካስተርና ዩርገን ክኖብሊክ ቪየና ውስጥ ይህንኑ በዓይን አሳዩ። ሲዲኬ5አርኤፒ2 የተባለ የዚሁ ቤተሰብ ዘረ-መል ከተበላሸበት ታማሚ ቆዳ ሴል ወስደው ሚጢጢ የአንጎል ሕብረ-ሕዋስ አሳደጉ፤ ነርቮቹ ያለጊዜያቸው ደረሱና ሕብረ-ሕዋሱ አንሶ ቀረ። ይህ ሁሉ ክፍፍሉ ደህና በሆነላቸው ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት አንዳች አይናገርም።

የተባለው ልዩነት ሲለካም አልተገኘም። በ2006 የጤነኛ ሰዎች አንጎል ተለክቶ ዓይነቶቹ የመጠን ልዩነት አላሳዩም፤ በ2007 ደግሞ ላን ራሱ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነበት ጥናት ከብልህነት ፈተና ውጤት ጋር የሚያያይዛቸውን ነገር አጣ። (ጽሕፈትን በራሷ የፈጠረችው ቻይናስ? የ5,800ው ዓይነት እዚያም ብዙ አይገኝም።) የመጀመሪያውን ወሬ እየጠቀሱ የሚከራከሩ ግን ዛሬም አሉ።

ሁለቱ ዘረ-መሎች በ2002 የተለዩት በአብዛኛው ከፓኪስታን በተገኙ፣ ዘመድ ከዘመድ በሚጋባባቸው ቤተሰቦች ነው። ጭንቅላቱ ያነሰ ልጅ የወለደ ወላጅ የሚጠይቀው «የሚቀጥለውስ ልጅ?» ብሎ ነው፤ ለዚህም መልስ አለ። ሁለቱም ወላጆች የተበላሸውን ዘረ-መል አንድ አንድ ቅጂ ከያዙ በየእርግዝናው ልጁ ታሞ የመወለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ እናቲቱን ለብቻዋ የሚያስወቅስ ምንም የለበትም።