የነአሶን ዘመዶች



ታኅሣሥ 28 ቀን የቅዱስ አማኑኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው። በማግሥቱ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ይከበራል። በዘመነ ዮሐንስማ ልደት ራሱ በ28 ስለሚውል ሁለቱ በዓላት በአንድ ቀን ይገናኛሉ። በአዲስ ከተማ፣ በአማኑኤል አጥቢያ ለምንኖር ምእመናን ይህ መገናኘት ከቀን አቆጣጠር ያለፈ ትርጉም አለው። የደብራችንና የሰፈራችን መጠሪያ የሆነው ይህ ስም ነቢዩ ኢሳይያስ አስቀድሞ የተናገረው፣ ወንጌላዊው ማቴዎስም በመጀመሪያው ምዕራፉ ከነትርጓሜው ያኖረው ስም ነውና።

ይሁንና ማቴዎስ ወደዚህ ስም የሚያደርሰን በረጅም የትውልድ ቆጠራ በኩል ነው። ከአብርሃም እስከ ዳዊት 14፣ ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ 14፣ ከዚያም እስከ ክርስቶስ 14 ትውልድ ይቆጥራል። በብዙ ቤት በልደት ዋዜማ ወንጌል ሲነበብ አንባቢው ልጅ ይህን ሁሉ ዘልሎ ከቁጥር 18 እንዲጀምር ይታዘዛል። ስሞቹ ለአፍ ይከብዳሉ፤ ማን እንደሆኑም የሚጠይቅ የለም። እኛ ግን ዘንድሮ ከእነዚያ ስሞች መካከል አንዱን ለይተን ልናነሣ ወደድን። እርሱም የአሚናዳብ ልጅ ነአሶን ነው።

ነአሶን ማን ነበር? እስራኤል ከግብፅ በወጡበት ዘመን የይሁዳ ነገድ አለቃ ነበር። እኅቱ ኤልሳቤጥ የሊቀ ካህናቱ የአሮን ሚስት ስለነበረች ለሙሴ ቤት አማች፣ ለእነ አልዓዛርና ለእነ ኢታምር ደግሞ አጎት ነው። በኦሪት ዘኍልቍ እንደተጻፈው በሲና ምድረ በዳ ሕዝቡ ሲቆጠር በእርሱ ሥር የነበሩት ዕድሜያቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለጦርነት የሚወጡ ወንዶች 74,600 ነበሩ። ከ12ቱ ነገዶች በቍጥር የሚስተካከለው አልነበረም። ሰፈሩ በምሥራቅ በኩል ነበር፤ ጉዞ ሲሆንም ቀድሞ የሚነሣው የእርሱ ዓላማ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት በትውፊታቸው፣ ባሕሩ ሳይከፈል አስቀድሞ ወደ ውኃው የገባው ነአሶን ነው ይላሉ። ይህ በመጽሐፉ ስለማይገኝ እኛም በትውፊትነቱ ብቻ ጠቅሰነው እናልፋለን።

መጽሐፉ በስፋት የሚነግረን ስለ ጀግንነቱ ሳይሆን ስለ መባው ነው። መሠዊያው በተቀደሰ ጊዜ 12ቱ አለቆች በየተራቸው፣ በየቀኑ አንድ አንድ እየሆኑ መባ እንዲያቀርቡ ታዘዘ፤ የመጀመሪያው ቀንም ለነአሶን ደረሰው። እርሱም 130 ሰቅል የሚመዝን የብር ሳሕን፣ 70 ሰቅል የሚመዝን ጐድጓዳ የብር ዕቃ፣ 10 ሰቅል የሚመዝን ዕጣን የተሞላ የወርቅ ጭልፋ፣ ከእነርሱም ጋር ለመሥዋዕት የሚሆኑ ከብቶችን አቀረበ። በማግሥቱ የይሳኮር አለቃ ያንኑ አቀረበ፤ በሦስተኛው ቀን የዛብሎን አለቃ ያንኑ። እስከ 12ኛው ቀን ድረስ አንድ ሰቅል የጨመረ ወይም ያጐደለ የለም። ጸሐፊው እንደዚሁ ብሎ በአጭሩ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሳይሰለች 12 ጊዜ ዘርዝሮ ጽፎታል። ሠረገላውንም ቢሆን ለሁለት አለቃ አንድ ሆነው ነው ያመጡት። በዕብራይስጡ ጽሑፍ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ መባ ካቀረቡት መካከል «አለቃ» የሚለው ማዕረግ ከስሙ ጋር ያልተጠራለት የመጀመሪያው፣ ማለትም የብዙኃኑ ነገድ መሪ ነአሶን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ነአሶን መባውን ያገባበትን ድንኳን የሠራው ማን ነው? ኦሪት ዘፀአት መልሱን ይሰጣል፤ ከይሁዳ ነገድ የኡሪ ልጅ ባስልኤል ነው። ወርቁን፣ ብሩንና ናሱን የሠራ፣ ዕንቍውን የቀረጸ፣ እንጨቱን የጠረበ እርሱ ነው። ከዳን ነገድ የሆነው ረዳቱ ኤልያብ ደግሞ በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በቀይ ግምጃ የሚጠልፍና የሚሸምን ነበር። በእኛ አገር አነጋገር አንዱ ቀጥቃጭ፣ አንዱ ሸማኔ መሆናቸው ነው። መጽሐፉ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት የሚመሰክረው ደግሞ ለአለቃው ለነአሶን ሳይሆን ለቀጥቃጩ ለባስልኤል ነው።

ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 2ን ገልጦ ሐረጉን ለሚቆጥር ሰው፣ ኤስሮም አራምን፣ አራም አሚናዳብን፣ አሚናዳብ ነአሶንን ወለደ። በሌላው ወገን ያው ኤስሮም ካሌብን፣ ካሌብ ሆርን፣ ሆር ኡሪን፣ ኡሪም ባስልኤልን ወለደ። (ይህ ካሌብ ከኢያሱ ጋር ምድሪቱን ከሰለለው ከዮፎኒ ልጅ የተለየ ነው።) ስለዚህ የነአሶን ቅድመ አያት ለባስልኤል አባትም ቅድመ አያት ነው ማለት ነው። የባስልኤል ሽማግሌዎች የነአሶንን ልጅ ለመጠየቅ ወደ አለቃው ድንኳን ሄደው ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ሰባት ቤት በሚቆጥረው በእኛ ሥርዓት ጋብቻው መከልከሉ አይቀርም ነበር። የሚከለከለው ግን «ቀጥቃጭ ነው» ተብሎ አይደለም፤ «እጅግ ቅርብ ዘመድ ነው» ተብሎ እንጂ።

ሁለት ምዕራፍ ወረድ ብሎ ደግሞ የይሁዳ ልጅ የሴሎም ዘር ተቆጥሯል። በዚያ መካከል ጥሩ በፍታ የሚሠሩ ሸማኔዎች አሉ፤ ለንጉሡ ሥራ በንጉሡ ዘንድ የተቀመጡ ሸክላ ሠሪዎችም አሉ። የይሁዳን ቤት ትውልድ የጻፈው ሰው ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪውን ከአለቆቹ ጋር በአንድ መዝገብ አስፍሯቸዋል።

አገራችን ከይሁዳ ነገድ ጋር ባላት ትስስር የቱን ያህል ትኮራ እንደነበር ይታወቃል። ነገሥታቱ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ይባሉ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱን የዘር ሐረግ ከሰሎሞንና ከኢትዮጵያ ንግሥት ይቆጥር ነበር። በዚያው አገር ግን ብረት የሚቀጠቅጠው «ቡዳ» ተባለ፤ ሸክላ የምትሠራው ሴት ከገበያ ስትመለስ ሕፃናት ይደበቁ ነበር፤ ሸማኔውም የጥጥ ልብሱን ለለበሰው ሰው ቤት እንደ እኩያ አይገባም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ሰዳቢውም እርሳቸውን እንደ ሰደበ ቈጥረውታል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

«ይህ የድሮ ነገር ነው፤ በከተማ ቀርቷል» የሚሉ ወገኖች መኖራቸውን እናውቃለን። በከፊል እውነት አላቸው። ከደብራችን ብዙም ሳንርቅ በምናለሽ ተራ አሮጌው በርሜል በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን፣ ቍርጥራጭ ብረቱም ማረሻ ሲሆን እናያለን፤ ሠራተኛውን በአደባባይ የሚሰድበው የለም። በሸማ ተራም ለጥምቀት የሚለበሰውን ነጠላና ጋቢ ተሻምተን እንገዛለን። ስድቡ ከአደባባይ ጠፍቶ የተሸሸገው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ከተሸሸገበት የሚወጣውም በጋብቻ ጊዜ ነው።

የልደት በዓል ካለፈ በኋላ ጥር ይገባል። ጥር የሰርግ ወር እንደመሆኑ ሽማግሌ በየቤቱ ይላካል። የልጅቱ ወገኖች «ዘሩ ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ሥጋ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር አባቶች ያቆዩልን መልካም ሥርዓት ነው፤ ይህ እንዲቀር የምንሻ አይደለንም። እንዲያውም ብዙ ወጣቶች የቅድመ አያታቸውን ስም ባለማወቃቸው እናዝናለን። ዳሩ ግን በዚያው ጥያቄ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ተደብቆ ይገባል። ቆጠራው አልቆ ዝምድና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ አንዲት አክስት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አያቱ እኮ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ «እናስብበት» ተብለው ይሸኛሉ። ምክንያቱ ስለማይነገራቸው ልጁ ምን እንዳጐደለ ሳያውቅ ይቀራል፤ ልጅቱም እንደዚያው።

ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ጿሚና ቀዳሽ መሆናቸው ነው እኛን ይበልጥ የሚያሳዝነን። እሑድ ጠዋት ቅዱስ ቊርባኑን የሚቀበሉበት ጻሕልና ጽዋ፣ የሚሳለሙት መስቀል፣ ማኅሌቱ የሚደምቅበት ጸናጽል፣ ዕጣኑ የሚያርግበት ጽና ሁሉ የቀጥቃጭና የአንጥረኛ እጅ ሥራ ነው። የካህኑ ልብስ የሸማኔ ነው። ዕቃው ቅዱስ፣ የሠራው ሰው ግን ለአማችነት የማይበቃ የሚሆንበትን ምክንያት ከመጽሐፍ የሚያሳየን ሰው እስከ ዛሬ አላገኘንም። በዚህ ረገድ የንስሐ አባቶች ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ የልጅቱን ወላጆች «እምቢ ያላችሁት ስለ ሥጋ ዝምድና ነው ወይስ ስለ አያቱ ሙያ?» ብለው በግልጽ ቢጠይቁ፣ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ምክንያት በካህን ፊት አፍ አውጥቶ ለመናገር የሚደፍር አይመስለንም።

ወደ ነአሶን እንመለስ። በሲና ከተቆጠሩት መካከል ከካሌብና ከኢያሱ በቀር ወደ ተስፋይቱ ምድር የገባ ስለሌለ፣ አለቃው ነአሶንም በምድረ በዳ ቀርቷል። የገባው ልጁ ሰልሞን ነው። ሰልሞንም ያገባው የትልቅ ነገድ አለቃ ልጅ አልነበረም፤ ቦኤዝን የወለደለት ከኢያሪኮዋ ከራኬብ ነው፤ አይሁዳዊት ያልሆነችውና በጋለሞታነቷ የታወቀችው ራኬብ ናት። የነአሶን የልጅ ልጅ ቦኤዝ ደግሞ ሞዓባዊቷን ሩትን አገባ። ወንጌላዊው የእነዚህን ሴቶች ስም አልሸሸገም፤ አማኑኤል ወደሚለው ስም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከነአሶን ስም ቀጥሎ አስፍሮታል።

በዚህ የልደት በዓል ወንጌሉ በቤታችሁ ሲነበብ አንባቢው ልጅ ከቁጥር 1 እንዲጀምር ፍቀዱለት። ነአሶን ጋ ሲደርስም ስለ ባስልኤል ዝምድና ንገሩት።