አራጋፊ ጀልባዎች፦ ከዙላ ዳርቻ እስከ ፎገራ ሜዳ

ኢትዮጵያ የባሕር ኃይሏን መልሳ ለማቋቋም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራች መሆኗ ይታወቃል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ትብብር ስምምነትም ለዚሁ ዓላማ የሚውል ድጋፍን ያካተተ ነበር። ስለ ባሕር ኃይል ሲነሣ የብዙዎች ሐሳብ ወደ ጦር መርከብና ወደ መድፍ ያመራል። እግረኛ ሠራዊትንና ተሽከርካሪን ከመርከብ ተቀብሎ ወደ የብስ የሚያወጣው አራጋፊ ጀልባ ግን እምብዛም አይወሳም።

የዚህ ጀልባ አሠራር ቀላል ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ በመሆኑ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ይሄዳል፤ የፊት ግድግዳው ወደ ፊት ወድቆ መውረጃ ይሆናል። ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ከኋላው መልሕቅ ይጥላል፤ ጭነቱን ካራገፈ በኋላም የመልሕቁን ገመድ እየሳበ ከአሸዋው ይላቀቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀው አነስተኛው የአሜሪካ ጀልባ 36 ወታደሮችን፣ ወይም አንድ ጂፕን ከ12 ወታደሮች ጋር ይይዝ ነበር። ዋናው ጥቅሙ የተሠራ ወደብ አለመጠየቁ ነው።

ይህ ጥቅም ምን ያህል እንደሚመዝን ለመገንዘብ የደብረ ታቦር ነዋሪ የራሱን ከተማ ታሪክ ማስታወስ ይበቃዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ጦር ግንባር ቀደም ቡድን ከምጽዋ በስተደቡብ በሚገኘው የዙላ ዳርቻ ደረሰ። በዳርቻው ያለው ውኃ ጥልቀት ስላልነበረው መርከቦቹ መጠጋት አልቻሉም፤ አራጋፊ ጀልባም ገና አልተፈጠረም። ስለሆነም ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ የመርከብ ማራገፊያ መድረክ ተሠራ፤ ሐዲድ ተዘረጋ፤ የመጠጥ ውኃ ሳይቀር ከባሕር ውኃ በእንፋሎት እየተጣራ ይዘጋጅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በርካታ የጭነት እንስሳት በውኃ ጥምና በበሽታ አለቁ። ወደ 13,000 የሚጠጋ ወታደርና 44 ዝሆኖች የነበሩት ይህ ጦር መቅደላ የደረሰው በሚያዝያ ወር ነው። አንደኛው ወገን ተራራ እየጠረገ መድፍ ሲያስጎትት፣ ሌላው ዳርቻ ላይ ጭነት ሲያወርድ ወራት አለፉ። በዚያ ዘመቻ ከተኩሱ ይልቅ የከበደው ማጓጓዙ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1940ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተውና ዋና ሰፈሩ ምጽዋ የነበረው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አራጋፊ ጀልባዎች ነበሩት። አነስተኞቹ ከአሜሪካ የተገኙ ሲሆኑ፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ታንክ የሚጭኑ ትላልቅ አራጋፊ መርከቦች ከሶቪየት ኅብረት መጥተዋል። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት ጦር እጅ ወጣች፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የባሕር ዳርቻው ከኢትዮጵያ ተለየ። የተረፉት መርከቦችም በጎረቤት አገሮች ወደቦች ተጠግተው ቆይተው በመጨረሻ ተሸጡ።

ከዚህ የሚወሰደው ግንዛቤ ግልጽ ነው። ወደብ ሳይኖር ጭነት የሚያወርደው ጀልባ ራሱ ማደሪያ፣ ነዳጅና ጥገና የሚያገኝበት ወደብ ይፈልጋል። በመሆኑም ለማንኛውም መርከብ ግዥ ቀዳሚው ጉዳይ የባሕር በር ነው። ኢትዮጵያና ሶማሊያ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንካራ ያወጡት መግለጫ የሶማሊያን ሉዓላዊነት ባከበረ መንገድ፣ በድርድር የሚገኝ አስተማማኝና ዘላቂ የባሕር መዳረሻን የሚመለከት ነው። በስምምነት የሚገኝ መዳረሻ ዘገምተኛ ቢመስልም መርከብን ያለ ማደሪያ አያስቀርም።

ለደቡብ ጎንደር ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የእንዲህ ዓይነቱ ጀልባ ሰላማዊ አገልግሎት ሳይሆን አይቀርም። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ በፎገራ ሜዳ የሚገኙ መንደሮች በውኃ ይከበባሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ዛሬም ይታወሳል። የጣና የደንገል ታንኳ ማረፊያ ሳይጠይቅ ዳርቻ በመድረሱ ከአራጋፊ ጀልባ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን በሬ ወይም አምቡላንስ አይጭንም። ፊቱ የሚከፈት ጠፍጣፋ ጀልባ ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል። ሆኖም በጎርፍ የተዋጠ የሩዝ ማሳ ላይ ውኃው በየቦታው ስለሚሳሳ ጀልባው የሚያልፍበት መስመር በበጋው ወራት አስቀድሞ ሊለካና በምልክት ሊታወቅ ይገባል። በሐይቁ በኩል ደግሞ እምቦጭ የሞተሩን መዘውር ስለሚጠመጥም ከመነሻው የአረም ማጽዳት ሥራ ከጀልባው በጀት ጋር አብሮ መታቀድ ይኖርበታል።