ዊምብልደን ነጭ ልብሱን አቆይቶ ሰዎቹን አሰናበተ

ዊምብልደን ሰኞ ሰኔ 22 ይጀምራል። እስከ ሐምሌ 5 ድረስ ከሰዓት በኋላ ብትደውሉልኝ ስልክ አላነሳም። ዘንድሮ ከዓለም ዋንጫው ጋር ስለተገጣጠመ የዚህ ቻናል ግማሽ ሰው «ስለ ቴኒስ ማን ጠየቀህ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ዓለም ዋንጫው አሜሪካ ስለሆነ አብዛኛው ጨዋታ የሚደርሰን ሌሊት ነው። የዊምብልደን ዋናው ሜዳ ግን በእኛ 9 ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ሁለቱንም ማየት ይቻላል፤ እንቅልፍን ለክረምቱ አቆዩት።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ሣሩን ነው። 8 ሚሊ ሜትር ላይ ተቆርጦ፣ የመጀመሪያው ሰኞ ላይ ማንም ያልረገጠው ምንጣፍ መስሎ ይቀርባል። ኳሱ ሣር ላይ ሲያርፍ እንደ ሸክላው ሜዳ ወደ ላይ አይነሳም፤ ዝቅ ብሎ ይሾልካል። ተጫዋቹ ጉልበቱን አጥፎ ካልወረደ አይደርስበትም። በሁለተኛው ሳምንት ከኋላ መስመሩ አካባቢ ሣሩ አልቆ አፈሩ ይወጣል፤ ትግሉ የት የት እንደነበረ ሜዳው ራሱ ይነግራችኋል። በ2008 ናዳል ፌደረርን ያሸነፈው እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ፣ ሊጨልም ሲል፣ በአምስተኛው ዙር 9 ለ 7 ነው። ያን ጨዋታ ያየ ሰው ለምን እንደምጠብቅ አይጠይቀኝም።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የ2010ሩን ነው። ጆን ኢስነርና ኒኮላ ማሁ በ18ኛው ሜዳ ላይ የመጀመሪያ ዙር ጨዋታቸውን ለሦስት ቀናት፣ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተጫወቱ። የመጨረሻው ውጤት 70 ለ 68 ነበር። ኤሌክትሮኒክ የውጤት ሰሌዳው 47 ለ 47 ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ፤ ከዚያ በላይ እንዲቆጥር አልተሠራማ! ዳኛው መሐመድ ላህያኒ ግን ከፍ ባለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መቁጠሩን ቀጠለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ጠቤ ልግባ።

በጥቅምት 2024 የዊምብልደን ክለብ የመስመር ዳኞችን ከነጭራሹ እንደሚያስቀር አስታወቀ። ውድድሩ የተጀመረው በ1877 ነው፤ በ147 ዓመቱ ማለት ነው። ከ2025 ጀምሮ ኳሱ ውስጥ ይሁን ውጪ የሚወስነው ካሜራና ኮምፒውተር ሆነ፤ «አውት» የሚለውም የተቀዳ ድምፅ ነው። ቀድሞ 300 ገደማ የመስመር ዳኞች ነበሩ። 80 ያህሉ ዋናውን ዳኛ እንዲያግዙ ቀሩ፤ ሌሎቹ እቤታቸው ገቡ። ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ሳሊ ቦልተን ውሳኔውን ያስረዱት ወግንና አዲስ ነገርን የማመጣጠን ጉዳይ አድርገው ነው።

እሺ፣ ወግ እንበል። የዊምብልደን ወግ ተጫዋች ነጭ ይልበስ ይላል። ነጭ ሲባል ክሬም አይደለም፤ የልብሱ ጠርዝ ላይ ቀለም ካለ ስፋቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ በጽሑፍ ተደንግጓል። በ2013 ሮጀር ፌደረር፣ ያውም ሰባት ጊዜ ያሸነፈበት ቦታ ላይ፣ የጫማው ሶል ብርቱካናማ ስለሆነ እንዳይደግመው ተነግሮታል። ሴቶቹ በወር አበባቸው ጊዜ ሰግተው እንዳይጫወቱ ከቀሚሳቸው ስር ጠቆር ያለ ቁምጣ የተፈቀደላቸው በ2023 ነው። ወግ እስከዚህ ድረስ የከበረበት ቤት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ለማሰናበት ሲሆን አንድ መግለጫ በቂው ሆነ። እኔ እንደሚገባኝ ክለቡ የሚጠብቀው ወጪ የሌለበትን ወግ ነው። ነጭ ልብስ ለፎቶ ያምራል፣ ክሬም የፈሰሰበት እንጆሪም ይሸጣል። የመስመር ዳኛ ግን ምሳ ይበላል፣ ሆቴል ያድራል፣ ይደክመዋል።

«ማሽኑ እኮ ከሰው ይበልጣል» የሚለው መልስ እየመጣ እንደሆነ ይገባኛል። ይበልጣል፤ አልከራከርም። ከ2007 እስከ 2024 ተጫዋቾች ውሳኔ ሲቃወሙ በስክሪኑ ስንት ጊዜ የዳኞች ስህተት እንደወጣ አይቻለሁ። ግን ያ አሠራር ምን እንደነበረ ልብ በሉ። ሰው ይወስናል፣ ተጫዋቹ «አልስማማም» ይላል፣ ማሽኑ ይፈርዳል፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ ይጠብቃል። ቅሬታ የሚቀርብበት በር ነበረ። አሁን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቃል የማሽኑ ነው፤ ይግባኝ የለም።

ያለ ይግባኝ ምን እንደሚመጣ ለማየት አንድ ዓመት እንኳ አልፈጀም። ሐምሌ 6 ቀን 2025፣ ዋናው ሜዳ፣ ሩሲያዊቷ አናስታሲያ ፓቭሉቼንኮቫ ከእንግሊዟ ሶናይ ካርታል ጋር። በመጀመሪያው ዙር 4 ለ 4 ናቸው፤ ፓቭሉቼንኮቫ አንድ ነጥብ ካገኘች ጌሙ የእሷ ነው። ካርታል የመታችው ኳስ ከመስመሩ አልፎ አረፈ። ዝም። የተቀዳው ድምፅ አልመጣም። ዳኛው ጨዋታውን አስቆመ፣ ስልክ አነሳ፣ ከዚያም ማሽኑ ኳሱን እንዳልተከታተለው ተናግሮ ነጥቡ ይደገም አለ። በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ሁሉ ኳሱ ውጪ መውጣቱን በድጋሚ ምስሉ አየ። ነጥቡ ተደገመ፣ ፓቭሉቼንኮቫ ጌሙን ተሸነፈች። ጌሙን ወሰዳችሁብኝ ብላ ለዳኛው ስትናገር ሰውዬው ምን ይመልስ? እሱም እንደ እሷ ከማሽኑ መልስ የሚጠብቅ ሆኗል። ደግነቱ በኋላ ዙሩንም ጨዋታውንም አሸነፈች፤ ባታሸንፍ ኖሮ ምን እንደምንል አስቡት።

ክለቡ አጣርቶ ምን አለ? የሜዳው አንዱ ወገን ላይ ማሽኑ በኦፕሬተር ስህተት ጠፍቶ ነበር። ሦስት ውሳኔዎች አምልጠዋል፤ ይቅርታ። መፍትሔውስ? ከእንግዲህ ኦፕሬተሩ በእጁ እንዳያጠፋው ማድረግ! ሰው ተሳሳተ ተብሎ የቀረው አንድ እጅም ተነሳ። ዳኛው ያየውን እንዲወስን ሥልጣኑን እናጠናክር ያለ የለም። ከሁለት ቀን በኋላ በፍሪትዝና በካቻኖቭ ሩብ ፍጻሜ ማሽኑ ምልልሱ መሐል ላይ፣ ኳሱ በደንብ ውስጥ ወድቆ ሳለ፣ «ፎልት» ብሎ ጮኸ። ያም ተደገመ።

እዚህ ላይ ለምን ከእኔ ጋር እንደምትስማሙ ልንገራችሁ። «ሲስተም የለም» ስንት ጊዜ ተብላችኋል? ባንክ ወረፋ ይዛችሁ፣ መታወቂያ ልታሳድሱ ሄዳችሁ፣ ቆጣሪ ልትሞሉ ብላችሁ? ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ፊት ለፊቷ ያለውን ወረቀት ታያለች፣ ልክ እንደሆነም ታውቃለች። «ሲስተሙ አልተቀበለውም» ትላለች። ውሸቷን አይደለም፣ ሥልጣን የላትም። ኃላፊዋ ጋ ብትገቡም ያው ነው። የምትጣሉት ሰው እንኳ ታጣላችሁ። ያ ሩሲያዊት ሜዳው ላይ ቆማ የገጠማት ነገር ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እሷ በቴሌቪዥን መታየቷ ብቻ ነው።

ቫርን የምትረግሙ የእግር ኳስ ሰዎችም ይህችን አስተውሉ። በቫር ዳኛው ሮጦ ሄዶ ስክሪኑን ያያል፣ ተመልሶም በገዛ እጁ ምልክት ይሰጣል። ስድቡም የሚወርደው በእሱ ላይ ነው። ጥፋቱ ስምና ፊት አለው።

ከታላላቆቹ አራት ውድድሮች አውስትራሊያና አሜሪካ ከ2021 ጀምሮ ለማሽን ሰጥተዋል፤ እነሱ ድሮም ወግ ወግ አይሉም። የፓሪሱ ሮላን ጋሮስ ግን አምናም በመስመር ዳኞች ነው የተጫወተው። ዋናው ዳኛ ከወንበሩ ወርዶ ሸክላው ላይ ያለውን የኳስ አሻራ በጣቱ ያሳያል። ሣር አሻራ አይይዝም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ማሽኑ ይኑር ያልኩትም ለዚህ ነው። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ማሽኑ ዝም ሲል ወይም ያለቦታው ሲጮህ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው በዓይኑ ያየውን ብሎ ነጥቡን ለባለቤቱ ይስጥ። «ይደገም» መልስ አይደለም። ለዚህ ደግሞ የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። የመስመር ዳኝነት የዋና ዳኞች መፍለቂያ ነበር፤ ታችኛው ደረጃ ከተነሳ ከዓመታት በኋላ ወንበሩ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?

«ታዲያ ለምን ታየዋለህ?» ለምትሉኝ፦ ስለምወደው ነዋ። ደግሞ ሁሉም አልተበላሸም። አሁንም ማንም ሰው ቲኬት ሳይኖረው ሄዶ መሰለፍ ይችላል፤ ድንኳን ተክለው ፓርኩ ውስጥ ያድራሉ፣ ቁጥር ያለው ካርድ ይሰጣቸዋል፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል። ሚሊየነሩ ከሚቀመጥበት ሜዳ አጠገብ ወረፋ ጠብቆ መቀመጥ ይቻላል። ይህንንስ መቼ ወደ አፕ እንደሚወስዱት እንጃ።

ሰኞ በትናንሾቹ ሜዳዎች ጨዋታ የሚጀመረው በእኛ 7 ሰዓት ነው። ቻናሉ ካሳየን እኔ የምከፍተው 18ኛውን ሜዳ ነው።