«ሚስትህ ታመመችብህ እንዴ?»

ከላይ በርዕስ ያስቀመጥኩትን ጥያቄ የጠየቀችኝ እናቴ ናት። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ሳትነግረኝ ብቅ ብላ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ እስከ ክርኔ ዱቄት ለብሼ፣ ሊጥ በጠርሙስ ስዳምጥ አገኘችኝ። ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምነው ልጄ? ሚስትህ ታመመችብህ እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ናት፣ እማዬ። ከሥራ አልገባችም።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ለዚህኛው ጥያቄ የሰጠኋት መልስ አላረካትም። እውነቱን ለመናገር እኔንም አላረካኝም። ዛሬ በጽሑፍ ልመልሰው ተነሥቻለሁ፤ ለእናቴ ሳይሆን (እሷማ የኖረችበትን ነው የተናገረችው) ብዕር ይዘን ስለ ፍቅር ለምንደክመው ለእኛ ለወንዶቹ።

እንጀራዬ በባንክ መስኮት በኩል የምትመጣ ሰው ነኝ። የካቲት 6 ከሰዓት በኋላ መስኮቴ ፊት የሚቆሙትን ወጣቶች ከሌላው ቀን ደንበኛ ለይቼ አውቃቸዋለሁ። የተቀበሉትን ብር ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ይከታሉ። ለቀይ ጽጌረዳ ነው፣ ለቀይ ካናቴራ ነው፣ ለሆቴል እራት ነው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ለአራት ዓመታት እንዲሁ አድርጌያለሁ። ባለቤቴ አበባውን አመስግና ትቀበለኛለች። በማግስቱ የአበባውን ውኃ የምትቀይረው ግን እሷ ነበረች። ሲደርቅ የምትጥለውም እሷ።

ከእነዚህ ወጣቶች ማዶ ደግሞ ቀኑን የሚረግሙት ወዳጆቼ አሉ። በ2018 ዓ.ም. የካቲት መግቢያ ላይ በአንድ የግጥም ምሽት ተገኝቼ ነበር። አንድ ገጣሚ ተነሥቶ ቀኑን «የፈረንጅ ትርፍራፊ» ብሎ የሚያወግዝ ረዥም ግጥም አነበበ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አስተያየት ስጡ ሲባል እጄን አወጣሁና ዓምና በዚያ ቀን ለባለቤቴ በቤቴ ፍራፍሬ የተሞላ ሚልፎሊ ጋግሬ እንደነበረ፣ ዘንድሮም እንደማደርገው ተናገርኩ። ከኋላ አንዱ «ገጣሚ ነህ ወይስ ጋጋሪ?» አለኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከዚያ በኋላ የተከተለው ሳቅ ነው።

እስቲ ውግዘቱን እንመርምረው። «የካቲት የሰማዕታት ወር ነው፣ የዓድዋ ወር ነው» ይሉናል። ልክ ናቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውን ጭፍጨፋ የዘነጋ ልብ የፍቅር ልብ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ንም የዘነጋ እንዲሁ። ነገር ግን የካቲት 12 ሲሆን ስድስት ኪሎ ከሐውልቱ ሥር ስቆም፣ የካቲት 7ን ከሚረግሙት ወዳጆቼ አብዛኞቹን በአካባቢው አላያቸውም። ሰማዕታቱን የሚያስታውሷቸው ሚስቶቻቸው ስጦታ ሲጠብቁ ብቻ ይሆን?

«ባዕድ ነው» ለሚለውም መልስ አለኝ። በርበሬ የፈለቀው ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ማን «ባዕድ» ብሎት ያውቃል? ሚልፎሊን ጣልያን አምጥቶልን በፒያሳ ኬክ ቤቶች ከማኪያቶ ጋር ፓስፖርቱን ሳንጠይቅ ስንበላው ኖረናል። ጽጌረዳውስ? በባቱ፣ በሆለታ፣ በቢሾፍቱ ዙሪያ ባሉት የአበባ እርሻዎች ውስጥ በአብዛኛው የእኛው እኅቶች ናቸው ከማለዳ ጀምሮ የሚቆርጡትና ለአውሮፓ ገበያ የሚያዘጋጁት። አውሮፓዊው ለወዳጁ የሚሰጣት አበባ በኢትዮጵያዊት እጅ ተቆርጦ የሄደ ሲሆን፣ ቀኑ በምን ሒሳብ ነው ለእኛ ባዕድ የሚሆነው?

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የቅዱስ ቫለንታይንን በዓል እ.ኤ.አ. በ1969 ከአጠቃላይ የበዓላት መቁጠሪያዋ አውጥታዋለች። ያን ቀን ከፍቅር ጋር እንዳዛመደ በጽሑፍ ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚው የእንግሊዙ ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም በጻፈው ግጥም ውስጥ ወፎች በዚያ ቀን ተሰብስበው ጓደኛ ይመርጣሉ። ነጋዴ በኋላ ነው የደረሰበት። ቀኑን የሠራው የእኛው ሙያ ባልደረባ ነው ማለት ነው፤ እኛ ገጣሚዎች አባታችን ያቆመውን ቤት ለባለ ሱቅ አስረክበን ደጁ ላይ ቆመን እንሳደባለን።

ስለዚህ ባዕድነቱ ሰበብ ነው። የምንሸሸው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ወጥ ቤቱ ነው።

«ባለሙያ» የሚለውን ቃላችንን እንየው። «እሱ ባለሙያ ነው» ስንል ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ሰው ማለታችን ነው፤ በሙያው ይከበራል፣ ደመወዝ ይቆረጥለታል። «እሷ ባለሙያ ናት» ስንል ግን ወጧ ይጣፍጣል ማለታችን ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት መቁጠሪያ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ስትጮህ ውላ ትመጣለች። ዘመዶቼ «ባለሙያ ሚስት አገኘህ» ብለው ሲያመሰግኑኝ ስለ ማስተማሯ አንዳቸውም አስበው አያውቁም።

የፍቅር ግጥማችንስ ምን አደረገ? ዓይኗን፣ አንገቷን፣ ጥርሷን፣ ንቅሳቷን ቆጥረን ጨረስን። እጇንም አልማርነውም። የእጇን ጣዕም፣ የቡናዋን መዓዛ፣ የበዓል ዋዜማ ሽታዋን ስንኝ አድርገነዋል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለወንጌል ምቾቷን ጥላ ፍቅሯን ፍለጋ በእግሯ ስትንከራተት ስንት ትውልድ አለቀሰላት! አልቅሶ ሲያበቃ ግን መጽሐፉን ዘግቶ «እራት አልደረሰም?» አለ። (እኔም ብዬአለሁ። መጽሐፉን ያነበብኩት በ17 ዓመቴ ነው፤ እራቱን ያቀረበችልኝ ታናሽ እኅቴ ነበረች።)

የፋሲካ ዋዜማን አስቡ። ዶሮዋ 12 ብልት ትወጣለች፤ በሎሚና በጨው ደጋግማ ትታጠባለች፤ ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ቁሌቱ ለሰዓታት ይማሰላል፤ እናት ዓይኗ በሽንኩርት፣ ጀርባዋ በመጎንበስ ይደክማል። የወንዱ ድርሻ ምንድን ነው? ቢላዋውን አንሥቶ ዶሮዋን ማረድ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሞሰቡ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። በማግስቱ ስለ በዓሉ መዓዛ ግጥም ይጽፋል። በእኔ የግጥም ደብተር ውስጥ እንዲህ ያሉ ሦስት አሉ፤ በአንዳቸውም ውስጥ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው የለም።

እንግዲህ ወደ ሊጡ ልመለስ፤ ይህን ያህል ያናገረኝ እሱ ነውና።

የሚልፎሊን ሊጥ የመረጥኩት ቀላል ስላልሆነ ነው። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት በሩብ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃና በትንሽ ጨው ይለወሳል። እርሾ የለበትም። 400 ግራም ያህል ቅቤ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተስተካክሎ በሊጡ መካከል ይቀመጥና እንደ ፖስታ ይሸፈናል። ከዚያ ተዳምጦ ለሦስት ይታጠፋል፤ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያርፋል፤ እንደገና ተዳምጦ ለሦስት ይታጠፋል። ስድስት ጊዜ። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቆጠርኩት፦ 3፣ 9፣ 27፣ 81፣ 243፣ 729። የወለድ ወለድ ማለት ይህ ነው። ሰምና ወርቅ ብለን የምንኮራበት ቅኔያችን ሁለት ንብርብር ብቻ ነው፤ ይህ የቅቤው ብቻ 729 ነው!

ሚስጥሩ ከቅዝቃዜው ላይ ነው። ቅቤው ከሊጡ ሳይዋሐድ በየንብርብሩ መካከል ብቻውን መተኛት አለበት። ኦቨን ሲገባ በሊጡና በቅቤው ውስጥ ያለው ውኃ እንፋሎት ይሆንና አንዱን ቅጠል ከሌላው ያነሣዋል፤ ቅቤው ደግሞ ቅጠሎቹ ተመልሰው እንዳይጣበቁ ይከለክላቸዋል። ቅቤው አስቀድሞ ከቀለጠ ግን የሚወጣው ቂጣ ነው። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ሳምንት አስቀድሜ ከገበያ በተገዛ ለጋ ቅቤ ሞክሬ፣ አሬራው በደንብ ያልወጣለት ሆኖ በጠርሙሱ ሥር አምልጦኝ ጠረጴዛውን ሁሉ አጥለቀለቀው። በሁለተኛው ሙከራ የገበታ ቅቤ ገዛሁ። ሦስተኛው እጥፍ ላይ መብራት ጠፋ፤ ፍሪጁም ሞቀ። ሊጡን በፌስታል ጠቅልዬ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ ሳፋ ላይ በድስት አንሳፍፌ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁት። በሕይወቴ አንድም ግጥም ይህን ያህል ጠብቄ አላውቅም።

ለመሙያው የጨንቻ ፖም ልጬ በስኳር፣ በሎሚና በጥቂት ቀረፋ ውኃው እስኪመጥ አበሰልኩት። እርጥብ ፍሬ ሊጡን ያበሰብሰዋልና መጠጥ ማለት አለበት፤ መቀዝቀዝም አለበት። ለከፊሉ የእንጆሪ ማርማላታ አደረግሁ። ሊጡን በአራት ማዕዘን ቆራርጬ፣ ፍሬውን መካከሉ ላይ አኑሬ፣ በሦስት ማዕዘን አጥፌ ጠርዙን በሹካ ተጫንኩት። አናቱን በእንቁላል ቀባሁ፤ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ግን እንቁላል ከነካ ቅጠሎቹን ያጣብቃቸዋል። ኦቨኑን 200 ዲግሪ ላይ አድርጌ፣ 25 ደቂቃ ያህል በሩን ሳልከፍት ተቀመጥኩ። ሁለቱ ፈንድተው ማርማላታው ትሪው ላይ አረረ፤ ስስታምነት አይደለም፣ አብዝቼ ሞልቼ ነው። የቀሩት አሥሩ ግን ተነሡ። በመስታወቱ በኩል አየኋቸው፤ በእርግጥ ተነሡ!

ባለቤቴ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ገባች። ዓርብ ነው፤ የነነዌ ጾም ረቡዕ አብቅቶ፣ አሁን ደግሞ የዓርቡ ጾም አለ፤ ቅቤ አይቀመስም። ሳህኑን በነጠላ ሸፍነን አሳደርነው። ቅዳሜ ጠዋት ኦቨኑን አሙቄ፣ ቡናውን እኔው አፍልቼ፣ «ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። ወዲያው ሳህን ልታመጣ ተነሣች። «ተቀመጪ!» ስኒ ልታጥብ ተነሣች። ሦስተኛ ጊዜ ስይዛት እየሳቀች «ታዲያ እጄን የት ላድርገው?» አለችኝ።

እሷ ስትስቅ እኔ አልሳቅሁም። ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ በገዛ ቤቷ እጇን አስቀምጣ ተቀምጣ የምታውቅበት ቀን እንደሌለ ያኔ ነው የገባኝ። ያን ዕለት የጻፍኩላት ይህቺን ብቻ ነው፤

እጅሽን ሳወድስ ስንት ዓመት ዘመርሁ፣
የኔን እጅ በኪሴ ደብቄ እየኖርሁ።
ዛሬ ዱቄት ነክቶት ነጥቶ ብታዪው፣
ግጥም ነው አትበይ፤ እጄ ነው፣ ያዢው።

«ፍቅር የዘወትር ነው፤ ለምን አንድ ቀን?» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ በተለይ የሚያነሣው ሰው የዘወትሩን ሳህን የሚያጥብ ከሆነ። ካልሆነ ግን ዝም ይበል። እኔም ራሴን ልከስስ፦ ከዚያ ቀን በኋላ የዘወትሩ ሽሮ በእኔ እጅ የተሠራባቸው ምሽቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሚልፎሊ ጋግሮ ሽሮን መተው ሌላ ዓይነት ትዕቢት ነው፣ አውቃለሁ። በአዳራሹ ውስጥ ለሳቁብኝ ወዳጆቼ ግን ይህን እላለሁ፦ በ2018 ዓ.ም. ቀኑ ቅዳሜ ዋለ፣ ሁዳዴ የገባው ሰኞ የካቲት 9 ነው፤ ቅበላ ላይ ነበር ማለት ነው። ቅቤ ያለ ሐሳብ የሚበላበት የመጨረሻው ቅዳሜ። ከእናንተ ስንቱ በዚያ ቅበላ ላይ ወጥ ቤት ገባ? ስንቱስ ተበልቶለት ወጣ?

የእናቴን ነገር ሳልጨርስ ቀረሁ። ያን ዓርብ ስትሄድ ሁለት ፍሬ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ «ነገ እቀምሰዋለሁ» ብላ ይዛ ሄደች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«ሥሩ ትንሽ አልበሰለም» አለችኝ። «ግን ይጣፍጣል። አንዱን ለአባትህ ሰጠሁት።»

«ምን አለ?»

«ወደደው። ማን ሠራው ብሎ ጠየቀኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

ጥቂት ዝም አለች።

«ከኬክ ቤት የተገዛ ነው አልኩት።»