ታሪኩ የጋራ፣ ጽሑፉ የመምህሩ

በዚህ ወር የማወራችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ጥፋቱ ትንሽ ይመስላል፤ በየቤታችን ግን በየቀኑ የሚፈጸም ስለሆነ ብንነጋገርበት አይከፋም።

የእህቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ሴሚስተር ስለ አንድ ከተማ በአማርኛ ጽፋ እንድትመጣ ታዘዘችና የአያቷን የትውልድ ከተማ ደብረ ብርሃንን መረጠች። እንደ እድሜ እኩዮቿ ሁሉ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ስልኳ ነው። በአማርኛው ዊኪፒዲያ ላይ ያገኘችው ግን የልቧን አላደረሰላትም።

«አክስቴ፣ የእንግሊዝኛው ረጅም ነው። የኛው ለምን አጠረ?» አለችኝ።

ዊኪፒዲያን የሚጽፉት እንደ እኛ ያሉ በጎ ፈቃደኞች እንደሆኑ፣ ማንም ሰው ገብቶ መጨመርና ማረም እንደሚችል ነገርኳት። «ታዲያ አንቺ ለምን አትጨምሪም?» አለች። መልስ አልነበረኝም። የዚያኑ ቅዳሜ እማዬ ቤት ላፕቶፑን ከፍተን ተቀመጥን።

እማዬ መደርደሪያ ላይ ስለ ከተማዋ የተጻፈ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አለ። ደራሲው እማዬን ያስተማሩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔ እያነበብኩ፣ ልጅቷ እየተየበች፣ ሦስት ገጽ ያህል ቃል በቃል አስገባን። ከሥሩም የመጽሐፉን ርዕስና የደራሲውን ስም በኩራት ጻፍን። ምንጭ ጠቅሰናል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

በማግስቱ ማታ ስንከፍተው ጽሑፉ የለም። ከጣቢያው በጎ ፈቃደኞች አንዱ ጽሑፉ ከታተመ መጽሐፍ የተገለበጠ በመሆኑ እንደተነሣ፣ በራሳችን አነጋገር ብንጽፈው ግን ደስ እንደሚለው በትሕትና ጽፎልናል። ከየት እንደወሰድነው ራሳችን ነግረናቸው የለ!

ተናደድኩ፤ አልዋሻችሁም። «ለአገር በነፃ ብንሠራ ይሰርዙብናል» እያልኩ ሳማርር፣ እማዬ ቡናዋን እየቀዳች አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ለመሆኑ መምህሩን አስፈቅደሻቸዋል?»

ደወልኩላቸው። ስለ ልጅቷ የቤት ሥራ ስነግራቸው ሳቁ፤ መረቁን። ሦስት ገጽ መገልበጣችንን ስነግራቸው ግን ዝም አሉ። መጽሐፉን ያሳተሙት ከጡረታቸው ቆጥበው ነው። ሽማግሌዎችን ለማናገር በእግራቸው ዞረዋል። ያልተሸጡት ቅጂዎች ዛሬም ቤታቸው በካርቶን ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «የከተማዋ ታሪክ የእኔ አይደለም፤ እንደፈለጋችሁ ጻፉት። ጽሑፉ ግን ልፋቴ ነው።»

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ስለ ቅጂ መብት ያነበብኩት ሁሉ በዚህች ንግግር ተጠቃለለልኝ። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሐሳብና መረጃ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ጥበቃ የሚደረግለት ሐሳቡ የተገለጸበት መንገድ ነው፤ የአረፍተ ነገሩ አሰካክ፣ የቃላቱ ምርጫ፣ የአተራረኩ ቅደም ተከተል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እያለ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ደብረ ብርሃንን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንደቆረቆሯት፣ ስሟም በሰማይ ከታየ ብርሃን ጋር እንደሚያያዝ ማንም ሊጽፍ ይችላል። መምህሩ ይህንን የተረኩበትን ገጽ መገልበጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ምንጭ ከጠቀስን አይበቃም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ያልኩት እሱን ነው። ምንጭ መጥቀስ ሐቀኝነት ነው፤ ፈቃድ ግን አይሆንም። የጎረቤትን በግ አርደን «የእከሌ በግ ነው» ብለን ብንናገር፣ በጉ የእኛ አይሆንም። አጭር ጥቅስ በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ ባለቤቱን መጥራት ይቻላል። ሦስት ገጽ ግን ጥቅስ አይባልም።

«መምህሩ በስልክ እሺ ቢሉስ?» ይህም አልበቃም። ዊኪፒዲያ ላይ የሚገባ ጽሑፍ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባል ፈቃድ ሥር ይወድቃል። ይህም ማለት ማንም ሰው የጸሐፊዎቹን አስተዋፅኦ እስከ ጠቀሰና እሱም በተመሳሳይ ፈቃድ እስካወጣው ድረስ ሊቀዳው፣ ሊለውጠው፣ አሳትሞም ሊሸጠው ይችላል ማለት ነው። «አሳትም» የሚለውን ስንጫን በዚህ ተስማምተናል፤ ወደ ኋላ መመለስም የለም። ይህንን ለመምህሩ ሳስረዳ «እሱስ ይቅርብኝ» አሉ። መብታቸው ነው። ፈቃደኛ ቢሆኑ እንኳ በጽሑፍ ለዊኪፒዲያ ራሳቸው ማረጋገጥ ነበረባቸው። የሌላ ሰው የሆነውን በእሱ ስም እኔ መስጠት አልችልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ ቤት የሠራልንን ላካፍላችሁ።

አንብቡ፣ መጽሐፉን ዝጉ፣ ተናገሩ፣ ከዚያ ጻፉ። ልጅቷ አንድ ምዕራፍ አንብባ መጽሐፉን ዘጋችና ለአያቷ በቃሏ ተረከችላት። ከዚያ የተረከችውን ጻፈች። ሁለተኛ መጽሐፍም አመሳከርን። አንዱን ቃል በሌላ ተመሳሳይ ቃል እየተኩ መሄድ ግን ያው መገልበጥ ነው፤ አጥንቱ ያልተለወጠ ጽሑፍ ይታወቃል።

ከሌላ ቋንቋ ዊኪፒዲያ መተርጎም ይፈቀዳል። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ብትመልሱ ፈቃዱ ይደግፋችኋል። ነገር ግን ለውጡን ስታስቀምጡ በማጠቃለያው ሣጥን ከየትኛው ገጽ እንደተረጎማችሁ መጻፍ አለባችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ድካም የሚታወቀው በዚያ ነው። የመጽሐፍ ወይም የጋዜጣ ትርጉም ግን የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ፎቶውን ራሳችሁ አንሡ። «ከኢንተርኔት ያገኘሁት» የሚባል ባለቤት የለም። በሥራዬ ዓለም ይህን በውድ ተምሬዋለሁ። አንድ ጊዜ ለፖስተር ከፍለጋ ውጤት ላይ ያነሣነው ፎቶ ባለቤት ደውሎልን፣ የታተመውን ሁሉ ጥለን እንደገና አሳትመናል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለዘመድ ጥየቃ ስንሄድ በስልካችን ያነሣነውን ፎቶ ማንም አያነሣብንም።

የድርጅታችሁን ድረ ገጽ አትለጥፉ። ይህ ለሥራ ባልደረቦቼ ነው። «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ቀድቶ ማስገባት የቅጂ መብት ጥያቄ ያስነሣል፤ ማስታወቂያም ስለሚሆን ይሰረዛል። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ደግሞ ይህንኑ በግልጽ ማሳወቅ አለበት።

አንዳንዶቻችሁ «በዚህች ትንሽ ነገር ይህን ያህል?» ትሉ ይሆናል። ዊኪፒዲያ በ1993 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በእንግሊዝኛ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ተከማችተዋል። የአማርኛው ገና 15 ሺህ አካባቢ ነው። ብዙ ይቀረናል። ይህንን ክፍተት በተገለበጠ ጽሑፍ ብንሞላው እኛ እንዳየነው በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ በዚያ ላይ ሌሎች የጨመሩበትም አብሮ ሊወሰድ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአማርኛ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ድካማቸው ዋጋ እንደሌለው ከተሰማቸው ነገ ምን አንብበን ምን እንጽፋለን? የመምህሩ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የእኛ ጽሑፍ በመጨረሻ ዘጠኝ አረፍተ ነገር ሆነ። ከሦስት ገጽ ወደ ዘጠኝ አረፍተ ነገር! ከሥሩ የመምህሩ መጽሐፍ ከነገጽ ቁጥሩ ተጠቅሷል። እስከዛሬ ማንም አልነካውም፤ አንድ የማናውቀው ሰው የፊደል ግድፈት ካረመልን በቀር። ለመምህሩ በስልክ ሳነብላቸው አንድ ዓመተ ምሕረት አስተካከሉልኝና «ይህ የልጅቷ ነው» አሉ። ከካርቶኑም ሁለት ቅጂ ገዛን፤ አንዱ ለልጅቷ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው።

ልጆቻችሁ በሚቀጥለው ጊዜ የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ፣ «ጨረስሽ?» ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው። «ይህን የጻፈው ማነው?» ብላችሁም ጠይቁ። ለሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።